ብርቅ ነው ያለው ማነው?

ቃልም እንደ ጎማ ነው፤ ብዙ ከነዱት ጥርሱ ያልቃል። ጥርሱ ያለቀ ቃል ደግሞ ዳገት ላይ ያንሸራትታል። በዚህ ዘመን ጥርሳቸው ካለቀባቸው ቃላት አንዱ «ብርቅ» የሚለው ነው። ድሮ «ብርቅዬ» ሲባል ፈጥኖ የሚታወሰን የሰሜን ተራራ ዋልያ ነበር፤ ከዚህ አገር ውጪ የትም ዱር የማይገኝ፣ እዚህ ከጠፋ ከዓለም ጠፋ የሚባልለት ፍጥረት። ዛሬ ግን የቆየ ነገር ሁሉ ብርቅ ሆኗል። የቆየ ሰዓት ብርቅ ነው፤ የቆየ ሬዲዮ ብርቅ ነው፤ ጓሮ ውስጥ አሥር ዓመት ቆሞ ዶሮ ሲፈለፍልበት የኖረ መኪና ሳይቀር «ኧረ ይሄ ብርቅ ነው!» ተብሎ ዋጋ ይጠራበታል።

እስቲ ዛሬ ስለነዚህ መኪኖች፣ በተለይም ጂፕ መሳይ ስለሆኑት ትንንሽ አሮጌ ፎር ዊል መኪኖች እናውጋ። ነገሩ የጥቂት መኪና ወዳዶች ጨዋታ ይመስላል እንጂ አይደለም። ሰው ለአንድ ዕቃ ዋጋ ሲያወጣ ምን እያሰበ እንደሆነ ለማየት ከነሱ የተሻለ ማሳያ የለም። ለጌጥ የተሠራ ነገር ቢወደድ ማን ይገረማል? ወርቅ ቢወደድ ወርቅ ነው። ለጭቃ፣ ለማገዶና ለወተት በርሜል የተሠራ መኪና ከቤት አውቶሞቢል በላይ ሲወደድ ግን «ምን ተገኘ?» ብሎ መጠየቅ የአባት ነው።

ከአወላለዳቸው እንጀምር። በጃፓን ከተወሰነ ልክ ያላለፈች ትንሽ መኪና ግብሯም ሌላ ወጪዋም ቀለል ይላል። በ1960ዎቹ ይኼ ልክ ለርዝመት 3 ሜትር፣ ለሞተር 360 ሲሲ ነበር። ሆፕ የሚባል አነስተኛ ፋብሪካ በዚያው አሥርት ዓመት መጨረሻ ላይ፣ ከዚህ ልክ ሳይወጣ ጭቃ የሚረግጥ፣ አራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ሠራ። ሞተሩን ያገኘው ከሚትሱቢሺ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ገበያው ግን አልቀናውም፤ ጥቂት ብቻ ሠርቶ ቆመ። ሱዙኪ መብቱን ገዛውና እ.ኤ.አ. በ1970 አሻሽሎ «ጂምኒ» ብሎ አወጣው። 359 ሲሲ ሞተር፣ 25 የፈረስ ጉልበት፤ በቃ ይኼው ነው። ስኮርታው እንደ ሌላው ጂፕ ከኋላ ቢንጠለጠል ርዝመቷ ከ3 ሜትር ስለሚያልፍ ከውስጥ፣ ከፊት ወንበር ጀርባ በአንድ ወገን አስቀመጡት። መኪናዋ የሦስት ሰው ሆነች፤ አራተኛው ቦታ ለጎማ ተሰጠ ማለት ነው።

ይህችን ነገር ያዙልኝ። ዛሬ ሰብሳቢዎች የመጀመሪያዋን ጂምኒ ሲያዩ «እንዴት ያለ ውበት ነው!» ብለው ከሚያደንቁላት ነገር አንዱ ይኸው ከውስጥ የተቀመጠ ጎማ ነው። ሠሪዎቹ ግን ውበት አልታያቸውም፤ የታያቸው ግብር ነው።

የእንግሊዙ ላንድሮቨርም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ሲታይ ገላው የአሉሚኒየም ቅይጥ ነበር። ዛሬ «አይዝግም፣ ቀላል ነው፣ ምን ዓይነት ብልኅነት!» ይባልለታል። እውነቱ ግን ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ ብረት በራሽን ታድል ስለነበር ነው። ቆርቆሮ ያጣ ሰው በሸራ እንደሚሸፍን ሁሉ ብረት ያጣ ፋብሪካ በአሉሚኒየም ሸፈነ። ዋጋውም 450 ፓውንድ፣ ለገበሬ የታሰበ ነበር።

እንግዲህ እነዚህ መኪኖች የእጥረት ልጆች ናቸው። ጥቂት ቁሳቁስ፣ ጥቂት ገንዘብ፣ ብዙ ሥራ። ለእጥረት መልስ ሆነው የተወለዱት መኪኖች ዛሬ ራሳቸው እጥረት ሆነው መሸጣቸው ነው የነገሩ ምፀት።

ለመሆኑ አንድ መኪና ብርቅ የሚሆነው እንዴት ነው? መንገዱ አንድ አይደለም፤ መንገዶቹን ያልለየ ሰው ደግሞ በገዛ ኪሱ ይቀልዳል።

አንደኛው መንገድ ሲወለድ ጀምሮ ጥቂት መሆን ነው። ኦስትሪያ ውስጥ ሽታየር ፑክ የሚባለው ፋብሪካ «ሃፍሊንገር» የምትባል፣ ለተራራ ገበሬና ለወታደር የምትሆን ጠፍጣፋ ትንሽ መኪና ነበረችው። ስሟን ያገኘችው ከተራራ ፈረስ ነው። ከ1959 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. የተሠሩት 16 ሺህ 647 ናቸው። ይህ ቁጥር ተጽፎ ያለ ነው፤ ማንም ደላላ አይጨምርበትም፣ አይቀንስበትም። ሃፍሊንገርን ብርቅ ብንላት ቃሉ አያፍርም።

ነገር ግን ጥቂት መሆን ብቻውን ዋጋ አያመጣም። ያ ጂምኒን የወለደው የሆፕ መኪና ከጂምኒ በብዙ እጥፍ ጥቂት ነው። ሆኖም ሱዙኪ ወስዶ ስም ባያወጣለት ኖሮ ዛሬ ማን ያነሳው ነበር? ብቻውን የቀረ ሁሉ ብርቅ አይደለም፤ አንዳንዱ ፈላጊ ያጣ ነው። ሰፈር ውስጥ አንድ ብቻ ያለ ነገር ስንቱ አለ፤ ግን የሚጠይቀው የለም።

ሁለተኛው መንገድ ብዙ ተወልዶ ጥቂት መቅረት ነው። ለዚህ የሱዙኪ ሳሙራይን ያህል ምስክር የለም። ሳሙራይ አሜሪካ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1985 መጨረሻ ነው፤ ዋጋዋ ወደ 6 ሺህ 200 ዶላር። ለወጣት፣ ለተማሪ፣ ለባሕር ዳር ሽርሽር የምትሆን ርካሽ ፎር ዊል። እንደ ትኩስ አምባሻ ተሸጠች። በ1988 ግን «ኮንስዩመር ሪፖርትስ» የተባለው የሸማቾች መጽሔት ድንገት መሪ ሲጠመዘዝባት የመገልበጥ አደጋ አለባት ብሎ «ተቀባይነት የሌላት» የሚል ማዕረግ ሰጣት። ሱዙኪ ፈተናው የተጭበረበረ ነው ብሎ በ1996 ከሰሰ፤ ክሱ በስምምነት ያለቀው በ2004 ነው። በመሐሉ ገበያዋ ወደቀ፤ በ1995 የአሜሪካ ሽያጯ አበቃ።

አሁን የሆነውን ተመልከቱ። ስሟ የጠፋ ርካሽ መኪና ማን ይንከባከባታል? አንዱ ፓራፋንጎዋን በመጋዝ ቆርጦ የትራክተር የሚያክል ጎማ ገጠመላት። ሌላው ባሌስትራዋን ቀይሮ ሰማይ አደረሳት። ሌላው ድንጋይ ላይ ሲያወጣት ገለበጣት። የተረፈውን ክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው በላው። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ማለት ይኼ ነው። ርካሽ ስለነበረች አለቀች፤ ስላለቀች ተወደደች። እነዚያው በመጋዝ የቆረጧት ሰዎች ዛሬ ፀጉራቸው ሸብቶ፣ ገንዘብ ይዘው፣ ያልተቆረጠች ሲያዩ እንባ ያቀራሉ።

ሦስተኛው መንገድ ከሁሉ የሚያስቀው ነው፤ ሳይነኩ መቅረት። የፎርድ የመጀመሪያው ብሮንኮ ከ1966 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ሲሠራ ቁጥሩ ከ200 ሺህ አልፏል። ይህ ብርቅ የሚያሰኝ ቁጥር አይደለም። ግን ባለቤቶቹ ሰፋ ያለ ጎማ ለመግጠም ሲሉ የኋላ ጎማውን የሚሸፍነውን ላሜራ ቆርጠው ጣሉት። በጊዜው መቁረጥ ዘመናዊነት ነበር፤ ያልቆረጠ እንደ ፋራ ይታይ ነበር። ዛሬ «ያልተቆረጠ» የሚለው ቃል በማስታወቂያ ራስ ላይ በትልቁ ይጻፋል። ማንም ያልነካው ላሜራ ዋጋ ያወጣል። ከልካይ ያልነበረው እጅ የሠራው ብርቅ ነው እንግዲህ!

አራተኛው መንገድ ሕግ ነው። አሜሪካ በ1988 ባወጣችው ሕግ ለአገሯ መንገድ ተብሎ ያልተሠራ የውጭ መኪና እንደ ልብ አይገባም፤ 25 ዓመት ከሞላው ግን የደህንነት መመዘኛው አይጠየቅም። ስለዚህ አንዲት የጃፓን ጂምኒ 24 ዓመቷ ላይ አሜሪካዊው በፎቶ ብቻ የሚመኛት ናት፤ ልደቷ ሲደርስ መርከብ ትሳፈራለች። በአንድ ሌሊት በብረቷ ላይ የተለወጠ ነገር የለም። ካምቢዮዋ ያው ነው፤ ዝገቷም ያው ነው። የተለወጠው የቀን መቁጠሪያ ነው። ብርቅነቷን ፋብሪካ አልሠራውም፤ ጋዜጣ ላይ የወጣ አዋጅ ነው የሠራው።

ብርቅነት ከብረቱ ውስጥ የማይገኝ ለመሆኑ ማስረጃ ከፈለጋችሁ አዲሷን ጂምኒ እዩ። ባለ አምስት በሯ ጂምኒ የምትሠራው ሕንድ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 እዚያው ሕንድ ገበያ ስትወጣ ሰው እንደተጠበቀው አልተሻማባትም፤ ሻጮቹ ዓመቱ ሳያልቅ ቅናሽ ያደርጉ ጀመር። ያችው መኪና ከዚያው ፋብሪካ ወጥታ በ2025 መጀመሪያ ጃፓን ስትቀርብ በአራት ቀን ውስጥ ወደ 50 ሺህ ትዕዛዝ ጎረፈ፤ በወር ሊሸጥ የታቀደው 1 ሺህ 200 ነበርና ኩባንያው «በቃኝ» ብሎ ትዕዛዝ መቀበል አቆመ። አንድ እናት የወለደቻቸው እህትማማቾች ናቸው፤ አንዷ ቅናሽ ተለጥፎባት ቆማለች፣ ሌላዋ በሰልፍ ትጠበቃለች። ልዩነቱ ያለው ተመልካቹ ዓይን ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። ዋጋ ሁለት ዓይነት ነው፤ የተጠራና የተከፈለ። በመሐላቸው ያለው ርቀት አንዳንዴ ከአዲስ አበባ ጎንደር ይሆናል። የወዳጆቹ ጣጣ የሚጀምረው የተጠራውን እንደተከፈለ አድርገው ሲያወሩት ነው። አንድ ሰው በጥንቃቄ የተያዘች፣ የፋብሪካ ቀለሟ ያልተነካ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር የሄደች መኪና በጨረታ በውድ ይሸጣል። ወሬው ይሰማል። በማግስቱ ወለሏ የበሳ፣ ሞተሯ የነከሰ፣ በስቱኮ ብቻ የቆመች ያለችው ሁሉ ተነስቶ ያንኑ ዋጋ ይጠራል። አንድ ሽያጭ ለሺህ ሰው ሕልም ይሆናል። «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» ለዚህ ነው የተባለው።

አሜሪካ ውስጥ ለጥንት መኪና መድን በመስጠት የታወቀው ሃገርቲ የተባለ ድርጅት የዋጋ መዘርዝር ሲያወጣ አንዱን ሞዴል በአንድ ዋጋ አይጽፈውም፤ ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጠዋል። 1 ማለት ለውድድር የሚቀርብ፣ እንከን የማይወጣለት ነው፤ 4 ማለት የሚሄድ፣ ግን ጉድለቱ በግልጽ የሚታይ ነው። ደረጃው የተሠራው ሰው እንዳይሸወድ ነበር። ችግሩ ባለ 4ቱ ሰውዬ ዋጋ ሲጠራ የሚያነበው የ1ን መስመር መሆኑ ነው። ገዢው ደግሞ ባለ 1ዷን ቆሞ እያየ የ4ን መስመር ያነባል። መጽሐፉ አንድ፣ ንባቡ ሁለት።

ይህ ዓይነቱ ሕልም አዲስ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ መጽሔቶች ጀርባ ላይ «የመንግሥት ትርፍ ጂፕ በ50 ዶላር» የሚል ማስታወቂያ ይወጣ ነበር። ጂፑ ቅባት እንደተቀባ፣ በሳጥን እንደታሸገ ይመጣል ተብሎ በየሰፈሩ ተወራ። ዊሊስና ፎርድ በጦርነቱ ከ600 ሺህ በላይ ጂፕ ስለሠሩ ወሬው እውነት ይመስል ነበር። ሰው ጥቂት ሳንቲም ሲልክ ግን የሚደርሰው ጂፕ አይደለም፤ የመንግሥት ትርፍ ዕቃ እንዴት እንደሚገዛ የሚያትት ወረቀት ነው። የያኔው ሰው በርካሽ ተረት ተሸወደ፤ የዛሬው በውድ ተረት ይሸወዳል። ተረቱ የዋጋውን አቅጣጫ ቀየረ እንጂ አልሞተም።

ከዚህ ሁሉ የሚደንቀኝ ግን የላንድሮቨር ነው። ዲፌንደር የሚባለው ዝርያ ማምረቻው በጥር 2016 እ.ኤ.አ. ከመዘጋቱ በፊት፣ በታኅሣሥ 2015 ሁለት ሚሊዮንኛዋ መኪና ለንደን ላይ ለጨረታ ቀርባ በ400 ሺህ ፓውንድ ተሸጠች። ገንዘቡ ለበጎ አድራጎት ስለዋለ እሰየው ነው፤ ሰጪውም ይባረክ። ግን ነገሩን አስቡት፤ ከእሷ በፊት 1 ሚሊዮን 999 ሺህ 999 እህቶች ተሠርተዋል። ብዛቷ ራሱ ብርቅ አደረጋት! ሰው ከፈለገ ለብዛትም የብርቅ ዋጋ ያወጣል።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን የሌላውንም ወገን ልናገር። ዋጋ መውጣቱ መልካም ነገርም ሠርቷል። መኪናዋ አምስት ሳንቲም በማታወጣበት ዘመን ዕጣዋ መፍጫ ነበር። ተጨፍልቃ ለብረት ትሸጣለች። ዋጋ ሲኖራት ግን ባለቤቷ ጣሪያ ሥር ያስገባታል፤ ወለሏን ይበይድላታል። ፈላጊ ስላለ ብቻ ከተሠሩ አርባና ሃምሳ ዓመት ለሞላቸው መኪኖች የላሜራ ክፍልና የካርቡራቶር ዕቃ እንደገና የሚያመርቱ ትንንሽ አውደ ጥናቶች ተፈጥረዋል። የአሮጌ ሞተር ድምፅ ሰምቶ በሽታውን የሚናገር የሽማግሌ መካኒክ ሙያ ተከብሯል። ፍቅር ባይኖር ይኼ ሁሉ አይኖርም። እኔ የምተቸው ፍቅሩን አይደለም።

የምተቸው ፍቅሩ ወዴት እንደሚያደርስ አለማየቱን ነው። መኪናዋ ስትወደድ መጀመሪያ የሚለይዋት በቀለበት የጠበቋት ሰዎች ናቸው። ሳሙራይን በደመወዙ ገዝቶ ቅዳሜና እሑድ ራሱ እየፈታ እየገጠመ መካኒክነት የተማረው ወጣት ዛሬ አይደርስባትም። የተራራው ገበሬ ሃፍሊንገሯን ሸጦ ሌላ ነገር ገዝቷል። እነሱ ሲወጡ የሚገቡት ጭቃ የማያስነኳት ናቸው። ዳገት እንድትወጣ የተፈጠረች መኪና በሸራ ተሸፍና፣ ባትሪዋ ተነቅሎ ትቆማለች፤ ትንሽ ብትጫር ዋጋዋ ይወርዳላ! ጭቃ የምትፈራ ፎር ዊል ምን ትባላለች? እርሻ የማያርስ ሰንጋ ለሥጋ ነው የሚቀለበው፤ የእሷም ቀለብ ያው ለሽያጭ ነው። ዕቃው ከሥራው ሲፋታ ዋጋው ምኑን እንደሚለካ አይታወቅም።

እስካሁን ያወራነው ስለ ሰው አገር ነው። «ታዲያ እኛን ምን አገባን?» የሚል ካለ፣ አዎ፣ ያገባናል፤ ያገባናል የምለውም የነሱ ቃል የእኛን ገበያ ስለገባበት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ አጭሯ ሱዙኪ፣ አሮጌው ላንድሮቨር፣ ቮልሱ፣ ሁሉም ዋጋቸው ሰማይ ነው። አንድ ጡረተኛ ለመኪና ግዢ ደላላ ፊት ቢቆም ጨዋታው እንዲህ ይሆናል፦

«ስንት ነው የምትላት ልጄ?»

«ጋሼ፣ ይህቺ እኮ መኪና አይደለችም፤ ክላሲክ ናት! ቅርስ በሏት።»

«ቅርስ ከሆነችማ ሙዚየም ውሰዷት። እኔ የምፈልገው ደብረ ብርሃን ደርሶ የሚመለስ ነው።»

«አይ ጋሼ! ኦሪጅናል ናት እኮ፤ ከዚህ በኋላ የምትገኝ እንዳይመስልዎት። ብርቅ ናት!»

ደላላው አልዋሸም፤ ግን እውነቱንም አልተናገረም። ከዚህ በኋላ የማትገኘው ለምንድነው? እዚህ አገር አሮጌ መኪና የተወደደው የመኪና ወዳዶች ማኅበር ስለበዛ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጫነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ፣ ባንክ ውስጥ ወደ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን አለፈ። በዚህ ላይ የመለዋወጫው ዋጋ አለ፤ ሶማሌ ተራ ወርዶ የአንዲት ፍሪሲዮን ዋጋ የጠየቀ ሰው የምለውን ያውቃል።

ለነዚህ ውሳኔዎች ምክንያት አልቀረበም አልልም። ጭሱ አለ፤ የነዳጅ ወጪው አለ፤ ፍሬን የሌላቸው አሮጌ መኪኖች የሚያደርሱት አደጋ አለ። እነዚህ ቁም ነገሮች ናቸው፤ ሊከራከሩባቸውም ይገባል። ግን ልብ በሉ፤ ክርክር የሚኖረው ነገሩን በስሙ ከጠራነው ነው። «ብርቅ» እና «እጥረት» ሲቀርቧቸው አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም «ጥቂት ነው» ማለታቸው ነው። ልዩነታቸው ግን ይኼ ነው፦ ብርቅ ሲባል የሚመሰገን ባለቤት አለ፤ እጥረት ሲባል የሚጠየቅ ሰው አለ። አሮጌዋን ሱዙኪ ብርቅ ካልናት ባለቤቷን «እንኳን ደስ ያለህ» ብለን እንለፍ። እጥረት ካልናት ግን ጥያቄ ይመጣል፤ ገጠር ያለው የጤና ባለሙያ፣ አስፋልት በማያውቀው ቀበሌ እህል የሚያመላልሰው ነጋዴ፣ ቤተሰቡን ሆስፒታል ማድረስ ያለበት አባወራ በምን ይሄዳል? ኤሌክትሪክ ቻርጅ ማድረጊያ በሌለበት አቀበት አራቱ ጎማዋ የሚጎትት ትንሽ መኪና ጌጥ አይደለችም፤ እግር ናት።

በሌላ በኩል ደግሞ ለባለቤቱ መኪናዋ ባንክ ሆናለታለች። ብር ሲወርድ እሷ አትወርድም። ስለዚህ አይሸጣት፣ አይነዳት፤ ቦሎዋን እያሳደሰ ያቆማታል። ሊብሬዋን እንደ ቁጠባ ደብተር ሣጥን ውስጥ ይቆልፍባታል። አልፈርድበትም፤ ገንዘቡን የት ያኑረው? ግን እየው ነገሩን፤ በአሜሪካ ሀብት የበዛበት ሰው ለጨዋታ የሚያደርገውን እዚህ ሀብት ያነሰበት ሰው ከጭንቀት የተነሳ ያደርገዋል። ሁለቱም መኪና በሸራ ሸፍነዋል። ሸራው አንድ ይመስላል፤ ከሥሩ ያለው ግን አንዱ ምኞት ነው፣ አንዱ ስጋት ነው።

ስለዚህ የሰዎቹን ቃል ስንዋስ ቃሉ ከየት እንደመጣ እናጣራ። «ክላሲክ» የሚለው ቃል ሌላ መኪና ያለው ሰው ስለ ትርፍ መኪናው የሚናገረው ነው። ያለችውን አንዲት መኪና ለሥራ የሚያድር ሰው ክላሲክ የለውም፤ መኪና ነው ያለው። ላዳዎቹ ታክሲ ሆነው ስንት ቤተሰብ ሲያስተዳድሩ ማን ክላሲክ አላቸው? ሲሞቱ ነው ፎቶ የምናነሳቸው።

አንድ ሰው «ብርቅ ነው» ብሎ ዋጋ ሲጠራብኝ እኔ የምለው አራት ጥያቄ አለኝ። ስንት ተሠራ? ስንት ቀረ? ለምን አነሰ? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ዛሬ ጠዋት ተነስቶ ምን ሥራ ይሠራል? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሻጩ ይመልስልኛል፤ ቁጥር ነውና። ሦስተኛውን እኛ ገዢዎች፣ አንባቢዎች፣ ታክስ ከፋዮች አንድ ላይ ሆነን ልንጠይቀው ይገባል። አራተኛውን ግን ማንም አይመልሰውም፤ ሞተሩን አስነስቶ ዳገቱን ማየት ነው።

ዳገቱን ከወጣች፣ ጭቃውን ከረገጠች፣ የጫኗትን ካደረሰች ዋጋዋን ትችላለች፤ ብርቅ ሆነችም አልሆነችም። ካልወጣች ደግሞ የፈለገውን ስም ቢያወጡላት የቆመ ብረት ናት። ዋልያውን በተመለከተ ግን ቃሉን እንመልስለት፤ እሱ እውነትም ብርቅ ነው፤ ገደሉን በራሱ እግር ይወጣዋልና።

ቸር ይግጠመን።